የሰኔ 30 ወለል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፣ ደብረ ታቦር)



የዓመቱ የሂሳብ ሪፖርት ተባዝቶ ደርሷችኋል። ቁጥሩን መልሰን አናነብላችሁም፤ ጥያቄ ካለ ከምሳ በኋላ እንመልሳለን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «የወለል ሥራ» የሚል ወጪ ሁለት ቦታ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሪፖርቱን ቀድመው ያዩ አባላት ትናንት «ተሳስታችሁ ደግማችሁት ነው?» ብለውናል። አልተሳሳትንም። ለአንድ ወለል ሁለት ጊዜ ከፍለናል። አንድ መስመር አድርገን ማለፍ እንችል ነበር፤ ለወጪ ጥሩ ስም ሰጥቶ ማዳፈን ከባድ አይደለም፣ ሂሳብ የተማርን ሰዎች ይህን እናውቃለን። ግን ገንዘቡ የእናንተ ነውና ከነምክንያቱ እንንገራችሁ።

የባልትና ሥራችን ወደ አንዲት አባላችን ግቢ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ክፍሉ የመኪና ጋራዥ ነበር። መኪናው ከተሸጠ ወዲህ ባዶውን ስለተቀመጠ በትንሽ ኪራይ ሰጡን። ርዝመቱ አምስት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አራት ሜትር፤ 22 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ሽሮው እዚያ ይታሸጋል፣ በርበሬው እዚያ ይመዘናል። ግድግዳውና ጣሪያው ደህና ነው። ያስቸገረን ወለሉ ነበር። ሊሾ ነው፤ ግን በጠረግነው ቁጥር ግራጫ ዱቄት የሚወጣው ሊሾ። ጠዋት ጠርገን፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን፣ ማታ ጣታችንን ብናስነካው ያው ነው። ሽሮ በሚታሸግበት ቤት የሲሚንቶ ብናኝ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ደግሞ በዘይት የጠቆረ ነበር።

ሊሾ ለምን እንዲህ እንደሚሆን የገባን ኋላ ነው። ግንበኛው ለእጁ እንዲቀለው ውሃ አብዝቶ ያቦካል። ውሃው ወደ ላይ ሲመጣበት ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶበት በማለስለሻ ይስበዋል። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ሆኖም ያ ፊት ስስና ደካማ ነው፣ በእግር ብዛት ይፈረፈራል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም፣ ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጆንያ ለብሶ ጠዋት ማታ ውሃ ካልጠጣ እንደ ጠመኔ ሆኖ ይቀራል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ የዛሬው ስብሰባ ኪሣራ አይሆንባችሁም።

መድኃኒቱ ኢፖክሲ ነው የተባልነው በዚህ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የመድኃኒት መጋዘን ወለል ላይ ያየ ሰው መከረን፤ እንደ መስተዋት ይሆናል፣ ዘይት አይገባውም፣ ዱቄት አይወጣውም፣ በውሃ ይታጠባል አለን። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ኢፖክሲ ተራ ቀለም አይደለም። በሁለት ቆርቆሮ ይመጣል፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ተያይዘው ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ማለያየት የለም። ነገሩን ካገኙት አንዱ ፒየር ካስታን የሚባል የስዊዘርላንድ ኬሚስት ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ነገር ሲፈልግ ነበር። ለጥርስ የታሰበው ነገር ዞሮ ዞሮ የጋራዥ ወለል ሆነ።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ለሥራ ቦታ ማሻሻያ የተሰጠን ገንዘብ አካውንታችን ውስጥ የገባው በግንቦት መጨረሻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ደረሰኙም እስከዚያ መቅረብ ነበረበት። ሰኔ ሲመጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። ወንበር ይገዛል፣ ወረቀት ይገዛል፣ ግድግዳ ይቀባል። እኛም ሮጥን። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን፣ ዝቅተኛውን መረጥን፣ ሰኔ 24 ቀን ቼኩን ፈረምን። በወረቀት አንጻር ከተባለ አንድም ስህተት የለበትም። ኦዲተርም ቢመጣ ያመሰግነናል።

ውጪ ግን ዝናብ ነበር። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሰኔን ብርድ ከጉና በኩል ሲመጣ እናውቀዋለን። የግቢው እናት፣ ሁላችን እማማ የምንላቸው፣ ሠራተኛው ሮለሩን ሲያወጣ በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ምድር ውሃ እየጠጣች እንዴት ትለቀለቃለች?» አሉን። እሳቸው ቤት በእበት እየለቀለቁ ያደጉ ናቸው። እርጥብ ጭቃ ላይ እበት እንደማይዝ፣ ቢይዝም ሲደርቅ ቅርፊት ሆኖ እንደሚነሳ ከልጅነታቸው ያውቃሉ። እኛ ፈገግ ብለን «እማማ፣ ይሄ ኬሚካል ነው» አልናቸው። ይህን ያልነው ዲፕሎማ ያለን ነን።

ሠራተኛው ወለሉን ጠዋት በኦሞ አጥቦ ከሰዓት በኋላ ቀባው። የዘይቱን ቦታ እንደሌላው ቦታ አለፈው። ማጠንከሪያውን በዓይኑ ገምቶ ጨመረ፤ ብርድ ነው ብሎም ትንሽ አበዛበት። ቀለሙ እንዲበቃው ቲነር አከለበት። የተረፈውን በባልዲ ትቶት ምሳ ሊበላ ሄዶ ሲመለስ ባልዲው እንደ ጀበና ግሎ አገኘነው፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ሙቀት እንደሚያወጡ፣ በአንድ ዕቃ ሲከማቹም ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እንደሚብስ ያኔ አላወቅንም። ሰኔ 28 ፎቶ አነሳን። ወለሉ ያበራ ነበር። ፎቶውን ከሪፖርቱ ጋር ላክን፣ የምስጋና ደብዳቤም መጣልን።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያሉ እብጠቶች ታዩ። በእግር ሲረገጡ ውሃ ይወጣቸዋል። ከበሩ ጥግ ላይ ደግሞ ፊቱ ቅባት ቅባት አለ፤ ብንወለውለውም አልለቀቀም። ቡሄ ሲደርስ፣ ልጆቹ በየበሩ እየጨፈሩ ሳለ፣ የእኛ ወለል እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር። ቢሆንም ሥራ አላቆምንም። ትዕዛዝ ነበረብን፤ የተላጠውን እየጠረግን ማሸጋችንን ቀጠልን። ከሁሉ የሚያሳፍረን ይህ ነው። በመስከረም መጀመሪያ አንድ ባለሱቅ ደንበኛችን አንድ ከረጢት ሽሮ ይዘው መጡ። ምንም አልተናገሩም። ከረጢቱን ከፍተው የጥፍር ያህል ግራጫ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልን።

በዚያ ሳምንት የታሸገውን በሙሉ ከየሱቁ ሰብስበን አስወገድን። ብሩን ሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ። በሌላ መለኪያ እንንገራችሁ፤ ወለሉና የተጣለው ሽሮ አንድ ላይ የሁለት ወር ትርፋችን ነው። የመማሪያ ደብተር ልንገዛላቸው ቃል የገባንላቸው ልጆች ደብተራቸውን ያገኙት በጥቅምት ነው። እናቶቻቸው እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሠራተኛውን መክሰስ እንዳለብን የተናገራችሁ ነበራችሁ። ተነጋግረንበታል። ሥራው ደካማ ነበር፤ ነገር ግን በዝናብ ቀባ ብለን ያጣደፍነው እኛ ነን። ፕሮፎርማው ላይ ስለ ወለል እርጥበት፣ ስለ ውፍረት፣ ስለ ዘይት አንድ ቃል አልጻፍንም። «22 ካሬ ሜትር ኢፖክሲ መቀባት» ነው ያልነው። እሱም ቀባ።

ከመስቀል በኋላ ነገሩን እንደ ሂሳብ ለመመርመር ተቀመጥን። ባሕር ዳር ሄደን የሕንፃ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ጠየቅን፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውንም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብነው። ሁሉም ነገር ቆርቆሮው ላይ ነበር።

ቅልቅሉ በትክክል የኛ ሙያ ነው። ዴቢትና ክሬዲት ካልተካከሉ መዝገብ እንደማይዘጋ ሁሉ ሙጫና ማጠንከሪያም የተጻፈላቸው ልክ አላቸው። የእኛው አራት ለአንድ በመጠን ይላል። ማጠንከሪያ ማለት ማድረቂያ አይደለም፤ ቢበዛ አያፋጥንም፣ አቻ ያጣው ትርፍ ውስጡ ቀርቶ ወለሉን ያለሰልሰዋል እንጂ። ብርዱም የራሱ ሥራ አለው። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን መዋሐዱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ብርድና እርጥበት ከተገናኙ ደግሞ ፊቱ ላይ ያ ቅባት የሚመስል ነገር ይወጣል፤ በላዩ የሚቀባ ሁለተኛ ቀለም አይይዝም።

ውፍረቱን ያሰላነው በአንዲት መስመር ነው። አንድ ሊትር በ10 ካሬ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይሆናል። ለ22 ካሬ ሜትር ሦስት አሥረኛ ከፈለግን 6.6 ሊትር ያስፈልጋል፣ በሮለርና በባልዲ የሚቀረውን ሳንቆጥር። መጀመሪያ የገባው አራት ሊትር ነበር፤ ሁለት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቲነሩ ዓይን ያታልላል እንጂ ተንኖ ይሄዳል፣ ውፍረት አይሆንም። ዝቅተኛው ፕሮፎርማ ለምን ዝቅተኛ እንደሆነ ይህች ስሌት ትነግረን ነበር። ሦስቱን ፕሮፎርማዎች ስናወዳድር በብር እንጂ በሊትር አላወዳደርንም።

ከሁሉ የከፋው ግን እማማ ያዩት እርጥበት ነው። ጋራዡ ሲሠራ ከኮንክሪቱ ሥር ፕላስቲክ አልተነጠፈም። ክረምት ሲሆን ውሃው ከምድር ወደ ላይ ይሳባል፤ በሊሾ ውስጥ አልፎ ይተናል፣ እኛም አናየውም። ኢፖክሲ ሲቀባ መውጫውን ዘጋንበት፤ ከሥር ገፍቶ አነሳው። ውሃ ያለቦታው ሲታፈን ምን እንደሚያደርግ የጋፋት ሰዎች ሳያውቁ አይቀሩም፤ እዚሁ አጠገባችን ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የጣሉ አንጥረኞች የቀለጠ ብረት እርጥብ ቅርጽ ውስጥ ቢያፈሱ ይፈነዳባቸው ነበር። የእኛው ውሃ እንኳን በቀስታ ነው የገፋው።

እርጥበት የሚፈተንበት ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ፣ ቢያንስ 16 ሰዓት መተው፣ ከዚያ ማንሳት ነው። ላስቲኩ ካላበው ወይም ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ከጠቆረ አይቀባም። ይህን ለእማማ ስንነግራቸው ሳቁ። ድሮ አዲስ የተመረገ ቤት ከመግባታቸው በፊት ማታ ጎድጓዳ ሰሃን ወለሉ ላይ ደፍተው ጠዋት ከሥሩ ጠል መኖሩን ያዩ እንደነበር ነገሩን። እኛ ስለዚህ ባሕር ዳር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ሄደናል።

ለሁለተኛው ሥራ እስከ መጋቢት ጠበቅን። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ቢሆኑም ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ስለዚህ አለፍናቸው። በጥቅምት ከጋራዡ ጀርባ ቦይ አስቆፈርን፣ ጣሪያው ላይ አሸንዳ አስገጠምን፤ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይፈስ ነበርና። በየካቲት የተላጠውን ቀለምና የሊሾውን ደካማ ፊት በግሪንደር አስፋቅን። አቧራው ለሳምባ ክፉ ስለሆነ ማስክ ያላደረገ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ጻፍን። አሲድ ማፍሰስ ይቀላል ያሉን ነበሩ፤ አልፈለግንም፤ የሚጠቀም ካለ ግን አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳያፈስ። ዘይት የጠጣውን ቦታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመን ፈገፈግነው፣ ውሃ ጠብ ሲልበት እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ እስኪሰርግ ድረስ። ያልተመለሰልንን አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ቆርጠን አውጥተን በአዲስ ሲሚንቶ ሞላነው። እሱም ሳይቀባ 28 ቀን ጠበቀ።

ላስቲኩን በሦስት ቦታ አነጠፍን። ሁለቱ ደረቅ ሆነው ተነሱ፣ ከጀርባ ግድግዳው ያለው ግን ጥቂት አልቦ ነበር። ሁለት ሳምንት በሩን ከፍተን አየር አስገባን፣ ደግመን አነጠፍን፣ ደረቀ። ሌላ ሠራተኛ አመጣን፤ ውሉ ላይ ሊትሩን፣ የኮቱን ብዛት፣ በስንት ዲግሪ እንደሚቀባ ጻፍን። ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ብርዱ ከወለሉ ሲወጣ ጀመርን። መጀመሪያ ቀጭኑን ፕራይመር፣ በማግሥቱ አንድ ኮት፣ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን። በሁለተኛው ኮት ላይ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ነሰነስንበት፤ ውሃ ሲነካው እንደ በረዶ ያንሸራትታልና፣ ከእናቶቻችን አንዷ ወድቃ ከምትሰበር ውበቱ ይቅር አልን። ልክ መለኪያው ጆግ ላይ «ለኬሚካል ብቻ» ብለን በቀይ ጻፍን፣ ሥራው ሲያልቅም ጣልነው።

ስለ እጅ አንድ ነገር። ማጠንከሪያው ቆዳ ላይ ሲደጋገም ያሳክካል፣ አንዴ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ደግሞ በትንሹም ይነሳል። በመጀመሪያው ዙር ስታግዝ የነበረች እህታችን ሁለት ሳምንት ጣቶቿ አብጠው ነበር፤ በባዶ እጇ በጨርቅ ስትወለውል ነው። በሁለተኛው ዙር ጓንት ተገዛ፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግቢውም አልደረሱ።

ከተቀባ በኋላ ሰባት ቀን ምንም አላስገባንም። ደንበኛ ደወለ፣ አባላት አጉረመረሙ፣ ቢሆንም አላስገባንም። ሽሮና በርበሬ አሁንም በቀጥታ ወለሉ ላይ አይቀመጥም፤ የእንጨት ርብራብ ላይ ነው። ከእሳት የወረደ ብረት ምጣድም አይገባም። ኢፖክሲ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፤ ጋራዥ ውስጥ እንኳ ከረጅም መንገድ የገባ መኪና ጎማው ሙቅ ከሆነ ቀለሙን ይዞት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ አተሩ የሚታመሰው እንደ ድሮው ማድ ቤት ነው። በሩ አጠገብ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ከወዲሁ ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ፀሐይ እንደዚያ ያደርገዋል፤ ጥንካሬውን ግን አልነካውም።

ከእናንተ መካከል ለሳሎናችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። እውነቱን ለመናገር አንመክራችሁም። በደንብ የተቦካ፣ ሳምንት ውሃ የጠጣ ሊሾ ለመኖሪያ ቤት ይበቃል፣ ሲሰነጠቅም ግንበኛ ጠርታችሁ ታስጠግኑታላችሁ። ኢፖክሲ ምግብ ለሚታሸግበት፣ ዘይት ለሚፈስበት ቤት ነው። የሰርግ ቤት ለማሳመር ብላችሁ ቁጠባችሁን እዚያ ላይ አታፍስሱ።

ወለሉ አሁን ሦስት ወር ሆኖታል። አላበጠም። ነገር ግን ፕላስቲኩ ከሥሩ አሁንም የለም፤ ከቦዩና ከአሸንዳው የሚተርፈው እርጥበት ምን እንደሚያደርግ የሚያሳየን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ «ተሳካ» የሚል ቃል በሪፖርቱ ውስጥ አላስገባንም። በየሳምንቱ አርብ ወለሉን በጣት አንኳኩተን በደብተር እንጽፋለን፤ ከሥሩ የለቀቀ ቦታ ድምፁ ባዶ ነው።

አሁን ደጋፊዎቻችንን የሚመለከተው ይቀረናል። ከጋራዡ ጎን ላለው የእህል ማስቀመጫ ወለል የሰጣችሁን ገንዘብ በባንክ አለ። ዛሬ ሰኔ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብና ቼክ ለመፈረም ከአሥር ቀን በላይ አይፈጅብንም፤ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት የሚያበራ ወለል ፎቶ አንስተን ልንልክላችሁ እንችላለን። አናደርገውም። ኮንክሪቱ ከሥሩ ፕላስቲክ ተነጥፎለት በጥቅምት ይፈሳል፣ ውሃ ጠጥቶ ይጠነክራል፣ በጋውን ይደርቃል፣ በመጋቢት ይቀባል። ለዚህ ገንዘቡ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲሻገር በደብዳቤ ጠይቀናችኋል። መልሱን እየጠበቅን ነው። አሠራራችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ሳንቀየም ገንዘቡን እንመልሳለን፤ ከሊቀመንበራችን ጀምሮ ሥራ አስፈጻሚው ተስማምቶ በቃለ ጉባኤ ፈርሟል። እህሉ እስከዚያው አሁን ባለበት፣ ርብራብ ላይ ይቆያል።

ምሳው ከመቅረቡ በፊት ወለሉን ማየት የምትፈልጉ ከእማማ ጋር መሄድ ትችላላችሁ፤ ቁልፉን የያዙት እሳቸው ናቸው። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፤ ውጪው ጭቃ ነው።